በጥቅምት አንድ አጥንት፦ ለብርዳማ ምሽት የአጥንት ቀይ ወጥ አሠራር

ጥቅምት ሲገባ ደመናው ይገፈፋል። ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱ ግን ሰማዩ ጠርቶ ስለሚያድር መሬቱ ቀን የሞቀውን ያህል ማታ ይቀዘቅዛል፣ ደጋው ላይም ውርጭ ይወርዳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» መባሉ ያለ ነገር አይደለም። ከብቱ የክረምቱን ሣር ጠግቦ ሰብቷል፣ የነቢያት ጾም እስከ ኅዳር 15 አይገባም፣ ብርዱ ደግሞ ትኩስና ቅባት ያለው ነገር ያስመኛል።

ይህ መመሪያ የአንድ ወጥ ብቻ ነው፤ ከጎድን፣ ከፍሪምባና ከቅልጥም የሚሠራ ቀይ ወጥ፣ ለ6 ሰው። ከቀኑ 8 ሰዓት ከተጀመረ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይቀርባል። ከአምስቱ ሰዓት ውስጥ ድስቱ አጠገብ መቆም የሚጠይቀው ቁሌቱ የሚሠራበት አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ሌላውን ጊዜ እሳቱ ብቻውን ይሠራዋል። የቸኮለ ሰው እዚያችው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው ወጡን የሚያበላሸው።

ሥጋው

ሥጋ ቤት ገብታችሁ «ለወጥ» ብቻ ብላችሁ አትቁሙ፤ በየጥጉ የቀረው ተደባልቆ ይመዘንላችኋል። የምትፈልጉት ሦስት ዓይነት ነው። ለመረቅ 700 ግራም የመገጣጠሚያ አጥንት፤ ሥጋ ባይኖረውም ጅማቱና ነጩ ለስላሳ አጥንቱ የበዛ ይሁን። ለወጡ 700 ግራም ጎድን ከነአጥንቱና 600 ግራም ፍሪምባ። ከዚያ 600 ግራም ቅልጥም፣ በ5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ተቆራርጦ።

ቅልጥሙ በመጋዝ ይቆረጥ። በመጥረቢያ የተፈለጠ አጥንት መርፌ የመሰለ ስብርባሪ ይተፋል፤ ቁሌት ውስጥ ከገባ ፈልጎ ማውጣት አይቻልም። ሥጋ ቤቱ መጋዝ ከሌለው አጥንቱን በቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ሦስቴ እያሻችሁ እጠቡት፣ መረቁንም በጨርቅ ወይም በጠባብ ወንፊት አጥልሉት።

ጭቅናና ሽንጥ ለጥብስ ይሂዱ። ወጥ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሲቆዩ እንደ ገመድ ይተለተላሉ፤ ጅማት ስለሌላቸው የሚቀልጥ ነገር የላቸውም። ጎድንና ፍሪምባ ግን በጅማታቸው ውስጥ ያለው ኮላጅን ቀስ ብሎ ወደ ጀላቲን ይለወጣል፤ ወጡን ከንፈር ላይ ጠበቅ የሚያደርገው እሱ ነው። አሜሪካ ያለ ሰው ሾርት ሪብ፣ ብሪስኬትና ቅልጥሙን ቦን ማሮ ብሎ ቢጠይቅ ተቀራራቢውን ያገኛል።

ሌላው ዕቃ

ቀይ ሽንኩርት 1.5 ኪሎ (ተልጦ የሚመዘን)
በርበሬ 90 ግራም፣ ማለትም 12 ወይም 13 ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ
ዘይት 120 ሚሊ ሊትር
ንጥር ቅቤ 120 ግራም
ነጭ ሽንኩርት 40 ግራምና ዝንጅብል 25 ግራም፣ አብረው የተወቀጡ
መከለሻ 1 የሻይ ማንኪያ፣ የተፈጨ ኮረሪማ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
ጨው፣ በመጨረሻ እየተቀመሰ

ለሥጋው ክብደት የሚቀራረብ ሽንኩርት ብዙ ይመስላል። ቀይ ወጥ ግን ዱቄት አይገባበትም፤ የሚያወፍረው ሽንኩርቱ ነው። ከ1.5 ኪሎው ተቁላልቶ የሚተርፈው ሲሶው ገደማ ነው። ሽንኩርት የቆጠበ ሰው በመጨረሻ ሥጋው ለብቻ፣ ቀዩ ውሃ ለብቻ የሆነ ወጥ ያወጣል።

በርበሬው የዚያው ዓመት ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ቤት በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው አብሮ ስለሚፈጭ፣ ጣት ላይ ነክታችሁ ሳትቀምሱ የጨው መጠን አትወስኑ።

መረቁ

የመገጣጠሚያውን አጥንት በ2.5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጣዱ። ከቀዝቃዛ የሚጀመረው ደሙ ቀስ ብሎ ወጥቶ አረፋ ሆኖ እንዲንሳፈፍ ነው፤ የፈላ ውሃ ላይ ከተጣለ እዚያው አጥንቱ ላይ ይረጋል። በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ግራጫውን አረፋ በጭልፋ እየገፈፋችሁ ድፉ። ከዚያ እሳቱን ዝቅ አድርጉ፤ ላዩ ላይ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት አረፋ ብቅ የሚልበት ይሁን። እያንተከተከ ከፈላ ስቡ ከውሃው ጋር ተመትቶ መረቁ ይደፈርሳል፣ ጣዕሙም የሳሙና ዓይነት ይሆናል። ምንም ቅመም፣ ምንም ጨው የለም። ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ለ2 ሰዓት ተዉት፣ ወደ ሽንኩርቱ እለፉ።

ቁሌቱ

ሽንኩርቱን በቢላ ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉ፤ ቁርጡ ከምስር ፍሬ ብዙም ባይበልጥ ጥሩ ነው። በማሽን መፍጨት ሲያዩት ሰዓት ይቆጥባል፤ ነገር ግን ሽንኩርቱ ጭማቂ ሆኖ ይወጣል፣ ያን ውሃ ለማድረቅ የቆጠባችሁትን ሰዓት ትመልሳላችሁ፣ የሚሰነፍጥ ጣዕሙም ይቀራል። የግድ ማሽን ከሆነ በአጭር በአጭሩ እየነካችሁ አቁሙ። ውጭ አገር የሚሸጠው ትልልቁ ቀይ ሽንኩርት ውሃው የበዛ ስለሆነ 15 ደቂቃ ጨምሩለት፤ ሲሶውን በሻሎት ብትተኩት ወደ አበሻው ሽንኩርት ይጠጋል።

ወፍራም ታች ያለው ሰፊ ድስት በመካከለኛ እሳት ጣዱና ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጨምሩ። ዘይት ከመጀመሪያ ከገባ ሽንኩርቱ ውሃውን ሳይጨርስ ዳር ዳሩ ይጠበሳል፤ የተጠበሰ ሽንኩርት ደግሞ ቅርጹን ይዞ ይቀራል እንጂ አይሟሟም። መጀመሪያ 15 ደቂቃ ያህል ውሃውን ይተፋል፤ በየ2 ደቂቃው ማማሰል ይበቃል። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል፤ መንተክተኩ ቀርቶ «ቸስ» ማለት ይጀምራል። ከዚህ በኋላ እጃችሁ ከማማሰያው አይለይ። ድስቱን መያዝ ሲጀምር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጉና ታቹን ፈቅፉ። ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ሲሞላው ቀለሙ ወደ ፈዛዛ ቡናማ ይሄዳል። መፈተኛው ይህ ነው፦ በማማሰያው ድስቱን መሐል ለመሐል ስትከፍሉት መንገዱ ውሃ ሳይሞላበት ክፍት ሆኖ ከቆየ ደርሷል። አሁን ዘይቱን ጨምሩና ለ10 ደቂቃ አቁላሉ።

ቀጥሎ በርበሬው። አብዛኛው ወጥ የሚሞተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ በሉ።

ድስቱን ከእሳት አውርዱ፣ 2 ደቂቃ ይረፍ። በርበሬውን ደረቁን አትበትኑበት። የጋለ ዘይት ከፈላ ውሃ በብዙ ይግላል፤ ደረቅ በርበሬ ሲነካው በሴኮንዶች ውስጥ ይጠቁራል፣ ከዚያ በኋላ ምሬቱን የሚያወጣው ነገር የለም። በጎድጓዳ ሳህን በ3 ሲኒ ለብ ያለ ውሃ አሽታችሁ እንደ ወፍራም ገንፎ አድርጉት፣ 5 ደቂቃ ይጠጣ፣ ከዚያ ወደ ቁሌቱ ገልብጡ። ርጥብ እስከሆነ ድረስ ውሃው ከሚፈላበት ሙቀት አያልፍም፤ የመጠንቀቂያው ምስጢር በሙሉ ይኸው ነው።

ድስቱን በዝቅተኛ እሳት መልሳችሁ ጣዱ። መጀመሪያ ወፍሮ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ጥቂት ሲቆይ ዳር ዳሩን ቀይ ዘይት ብቅ ይላል፣ አፍንጫም ይነካል፤ ያን ጊዜ አንድ ሲኒ ሙቅ ውሃ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ዘይቱ እስኪመለስ ጠብቁ። እንደገና አንድ ሲኒ። ይህ በ40 ደቂቃ ውስጥ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይደጋገማል። ውሃው ቀዝቃዛ አይሁን፤ በየጊዜው ድስቱን አቀዝቅዞ ሰዓቱን ያረዝመዋል። መረቁንም ገና አትንኩት፣ ምክንያቱ ከታች ይመጣል። በ25ኛው ደቂቃ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምሩ። ቀድመው ከገቡ ደረቁ ቁሌት ላይ ያርራሉ፣ ዘግይተው ከገቡ ጥሬ ጥሬ ይላሉ።

መድረሱን አፍንጫም ምላስም ይነግራችኋል። ጥሬ በርበሬ ያስነጥሳል፣ ያስላል፤ የበሰለው ሽታው ወደ ጣፋጭነት ይሄዳል። በማንኪያ ጫፍ ቅመሱት። ምላስ ጫፍ ላይ ወዲያው ከፈጀና አቧራ አቧራ ካለ 10 ደቂቃ ይቀረዋል። መጀመሪያ ጣፈጥ ብሎ ማቃጠሉ ኋላ ከመጣ በስሏል። ቀለሙም ከደማቅ ቀይ ወደ ጠቆር ያለ ቀይ ተለውጧል፣ ቅባቱ ላይ ወጥቷል።

ሥጋውና መረቁ

40 ግራም ቅቤ ጨምሩና ጎድኑንና ፍሪምባውን ቁሌቱ ላይ አፍስሱ። ፍሪምባው በ4 ሳንቲ ሜትር፣ ጎድኑ በየአጥንቱ የተቆረጠ ይሁን። ያለ ክዳን ለ15 ደቂቃ እያማሰላችሁ ሥጋው ውሃውን ይትፋ፣ መልሶም ይጠጣ። ከዚያ የተጠለለውን ሙቅ መረቅ ሥጋውን ሸፍኖ አንድ ጣት እስኪያልፍ ጨምሩ፤ 1.2 ሊትር አካባቢ ይወስዳል። የተረፈውን ትኩስ አድርጋችሁ አቆዩት። አንዴ ይፍላ፣ ወዲያው እሳቱ ይቀነስ፣ ክዳኑ ገርበብ ይበል። በየ15 ደቂቃው ታቹን ፈቀቅ አድርጉ።

ቅልጥሙ አሁን አይገባም። መቅኔው ሁለት ሰዓት ከፈላ ቀልጦ ይፈስና ባዶ ቧንቧ ታቀርባላችሁ። ሥጋው ከተጣደ 1 ሰዓት ተኩል ሲሞላው፣ ማለትም ሊወጣ 45 ደቂቃ ሲቀረው፣ ቅልጥሙን የተቆረጠው ፊቱ ወደ ላይ እንዲሆን አቁማችሁ ድስቱ ውስጥ ሰካ ሰካ አድርጉት። ከዚያ በኋላ ዙሪያውን እንጂ በላዩ አታማስሉ።

ሊወጣ 15 ደቂቃ ሲቀረው ሥጋውን በሹካ ፈትኑ፤ ከጎድኑ አጥንት ተንሸራቶ መውጣት አለበት። ጨዉን ጨምሩ፤ በ1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ጀምራችሁ እየቀመሳችሁ ከፍ አድርጉ። ቀደም ብሎ የተጨመረ ጨው መረቁ ሲመጠጥ አብሮ ይጠነክራል። የቀረውን 80 ግራም ቅቤ፣ መከለሻውንና ኮረሪማውን በዚሁ ሰዓት ጨምሩ። የቅቤው የኮሰረትና የኮረሪማ ሽታ ተናኝ ነው፤ ሁለት ሰዓት የፈላ ቅቤ ቅባቱ እንጂ ሽታው አይተርፍም። እሳቱን አጥፍታችሁ ከድናችሁ 20 ደቂቃ አቆዩት። ቅባቱ ላይ ይሰፍራል፣ መረቁም ይጠብቃል።

ሥጋና የወተት ተዋጽኦ የማይቀላቅሉ ቤተሰቦች፣ በእስራኤል እንዳሉት ቤተ እስራኤላውያን፣ ቅቤውን በዘይት ይተካሉ። 120 ሚሊ ሊትር ዘይት ከኮሰረት፣ ከተሰነጠቀ ኮረሪማና ከጥቂት አብሽ ጋር በዝቅተኛ እሳት 20 ደቂቃ ቢነጠርና ቢጠለል ከባዶ ዘይት በብዙ ይሻላል።

ከፍታና ሰዓት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 91 ይወርዳል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ላይ 100 ነው። ከላይ የተጻፈው የ2 ሰዓት ከሩብ የሥጋ ማብሰያ ለአዲስ አበባ የታሰበ ነው። ቆላና ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ከ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ጀምሮ በሹካ ይፈትን፣ ቅልጥሙንም በዚያው ልክ ቀደም አድርጎ ያስገባ። እሳት በመጨመር ሰዓቱን ማሳጠር አይቻልም፤ ውሃው ከመፍላት አልፎ አይሞቅም፣ የምታተርፉት ቶሎ የደረቀ መረቅ ነው።

ፕሬዠር ኩከር ይሠራል፣ ግን ለሥጋው ብቻ። ሥጋው ከመረቁ ጋር 40 ደቂቃ ይበቃዋል፤ መረቁን ወደ 700 ሚሊ ሊትር ቀንሱ፣ ስለማይተንን። ቁሌትን በተዘጋ ድስት መሥራት ግን አይሆንም፤ ሥራው ውሃ ማድረቅ ነውና።

ሲበላሽ

በርበሬው ካረረ ድፉት። ስኳርም ቅቤም ምሬቱን አይሸፍኑትም፤ ሥጋው ገና ስላልገባ የጠፋው ሽንኩርትና ሰዓት ብቻ ነው፣ 1.9 ኪሎ ሥጋ ጨምሮ ከማበላሸት ይቀላል።

ከቀጠነ ሥጋውን አውጥታችሁ ወጡን ያለ ክዳን ሞቅ ባለ እሳት ለ15 ደቂቃ አመጥጡ፣ ከዚያ ሥጋውን መልሱ። ዱቄት የበተነ ሰው ሲቀዘቅዝ ሙጫ ያገኛል። ከወፈረ የቀረውን ትኩስ መረቅ በጭልፋ መልሱበት።

ጨው ከበዛበት ድንች ክተቱበት የሚል ምክር አለ። ድንቹ የሚወስደው ከነጨዉ የጠጣውን መረቅ ያህል ነው፤ የቀረው ወጥ ጨውነቱ አይለወጥም። የሚያድነው ጨው የሌለው ቁሌት ወይም መረቅ መጨመር ነው፤ ያን የተረፈ መረቅ አቆዩት ያልነው ለዚህም ነበር።

ሥጋው አልለሰልስም ካለ ሁለት ምክንያት አለ። ወይ ሰዓቱ አልሞላም፣ ያኔ ትዕግሥት ነው መድኃኒቱ። ወይ ደግሞ የተሳሳተ ብልት ገዝታችኋል፤ የበለጠ በፈላ ቁጥር የሚጠነክር ሥጋ ጅማት የሌለው ነው፣ ያን አውጥታችሁ ዘልዝላችሁ መልሱት።

ረቡዕና ዓርብ

በርበሬው ሲቁላላ መረቅ ሳይሆን ውሃ ጨምሩ ያልነው ለዚህ ነው፦ ቅቤውና ሥጋው ከመግባታቸው በፊት ያለው ቁሌት ሙሉ በሙሉ የጾም ነው። ሽንኩርቱን 2 ኪሎ፣ በርበሬውን 120 ግራም፣ ዘይቱን 160 ሚሊ ሊትር፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉንም በዚሁ ልክ አድርጋችሁ ከጀመራችሁ ሩቡን ቀንሳችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። በንጹሕ ማንኪያ ተወስዶ፣ በተከደነ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ 4 ቀን፣ በረዶ ቤት 3 ወር ይቆያል። በጾሙ ቀን ቁሌቱን አሙቁ፣ 400 ግራም ተለቅሞ የታጠበ የምስር ክክ ጨምሩበት፣ 1.2 ሊትር ሙቅ ውሃ፣ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ በዝቅተኛ እሳት፣ ጨው በመጨረሻ። ጽጌን የሚጾምም ጥቅምትን በዚሁ ይወጣል።

ማቅረብና ማሳደር

በብርድ ቀን ትሪ ሙሉ እንጀራ ላይ የፈሰሰ ወጥ 5 ደቂቃ ሳይሞላው ቅባቱ ይረጋል። ወጡን በጋለ ሸክላ ድስት መሐል ላይ አስቀምጡና በጥቂት በጥቂቱ አውጡ። እንጀራውንም ከማቀዝቀዣ ሳይሆን ከመሶብ። ለቅልጥሙ ጠባብ ማንኪያ አብራችሁ አቅርቡ፤ አጥንቱን ጠረጴዛ ላይ መደብደብ መቅኔውን ያወጣዋል፣ ከወጡ ጋር ወደ ሸሚዝ። ሸክላውን በከሰል ምድጃ የምታሞቁ ከሆነ መስኮት ይከፈት፣ የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ከሰሉ ከቤት ይውጣ፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

የተረፈውን ምድጃው ላይ አታሳድሩ። ሌሊቱ ቢበርድም የኩሽና ሙቀት የማቀዝቀዣን ያህል አይወርድም። ሰፋ ባለ ዕቃ ገልብጣችሁ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ አቀዝቅዛችሁ አስገቡ፤ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። በማግስቱ ስታወጡት እንደ ጄሎ ረግቶ ካገኛችሁት መረቁ በትክክል ወጥቷል ማለት ነው። የምትበሉትን ያህል ብቻ ቀንሳችሁ እስኪፈላ አሙቁ። ሥጋው አልቆ መረቁ ከቀረ ለቁርስ ፍርፍር ይሁን፦ ለ2 ጭልፋ ወጥ 1 ጭልፋ ውሃ፣ ሲፈላ 2 እንጀራ ቆራርሶ መጨመር፣ አንዴ ገልበጥ አድርጎ ወዲያው ማውረድ። ከቆየ ሊጥ ይሆናል።